የኤድጋርዶ ቤልትራሚ ክፉ ዕድል

ከተማችን ታንዲል ውስጥ ኤድጋርዶ ቤልትራሚን የማያውቅ የለም። ማወቅ ብቻም አይደለም፤ ጠግበነዋል። ከአባቱ የወረሰው የብሎንና የምስማር ሱቅ አለው፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ እግዜርንም አያምን። ደንበኛ ብሎኑን ቆጥሮ ከፍሎ ሲወጣ ከበር ይጠራውና እንደገና ያስቆጥረዋል። የፔሶ ኖት ሲቀበል ወደ አምፖሉ ዘርግቶ፣ አገላብጦ፣ በጥፍሩ ፍቆ ነው መሳቢያው ውስጥ የሚከተው። የገዛ አማቹ አንድ ጊዜ የተበላሸ መሰርሰሪያ ሊመልስ ቢመጣ «ደረሰኙስ?» ብሎታል። ሰዎች ጠንቃቃ ይሉታል። ሚስቱ ኔሊዳ ሌላ ስም አውጥታለታለች፤ ጨዋ ሴት ስለሆነች ግን ሰው ፊት አትጠራበትም።

ይህ ጠንቃቃ ሰው ታዲያ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ጃንዋሪ ገብቶ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሱቁን ይዘጋል፣ ነጭ ጫማውን ያደርጋል፣ ኔሊዳን ያስከትልና ማር ዴል ፕላታ ይወርዳል። ሌላው ሰው የሚሄደው ለባሕሩ ነው። ኤድጋርዶ ባሕሩን ከሆቴሉ መስኮት አየት ያደርግና «እዚያው አለ» ብሎ ወደ ቁማር ቤቱ ይወርዳል። ሩሌት የሚሉትን የሚሽከረከር ጎማ አይነካም፤ ሩሌት የሞኝ ነው ይላል። ማሽን ፊት ተቀምጠው ቁልፍ ሲጫኑ የሚውሉትን አሮጊቶች ሲያይ ከንፈሩን ይመጥጣል። እሱ የፖከር ሰው ነዋ። የፖከር ውድድር ማለት ሁሉም መግቢያውን ከፍሎ በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዘው ክብ ፕላስቲክ፣ እኩል ፊሽ፣ ይቀበላል፤ ፊሹ ያለቀበት ይነሳል፤ መጨረሻ ላይ የሁሉንም ፊሽ ፊቱ የከመረ አንድ ሰው ያሸንፋል። ያ አንድ ሰው ኤድጋርዶ ሆኖ አያውቅም።

ትሩኮ የሚባለውን የካርታ ጨዋታችንን ደግሞ አታንሱበት። እኛ አገር ልጅ ፊደል ሳይለይ ትሩኮ ይጫወታል፤ ኤድጋርዶም የተማረው አባቱ ሱቅ ጓዳ፣ የብሎን ሣጥን ላይ ተቀምጦ ነው። አሁን ግን «የከብት ነጂ ጨዋታ» ይለዋል። ክበባችን ውስጥ አራት ሆነን ትሩኮ ስንጫወት አጠገባችን ቆሞ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ዓለም የት ደርሷል» ይለናል። ዓለም የት እንደደረሰ እሱ ያውቃላ፤ በዓመት ሁለት ሳምንት አይቶት ይመጣል።

ሲመለስ ቬርሙት መጠጡን ያዝዝና ይጀምራል። ተሸነፍኩ ብሎ አያውቅም። ሁሌ ተዘርፎ ነው። ሁሌ እሱ ሲመራ፣ ሁሌ አንዱ ደደብ ባልሆነ ካርታ ገብቶ፣ ሁሌ የመጨረሻዋ ካርታ ለደደቡ መጥታ። «ዕድል ነው የበላኝ» ይላል፣ ደረቱን መታ አድርጎ፣ ልክ ሜዳሊያ እንደተሸለመ። አንድ ሰው በዕድለ ቢስነቱ እንዲህ ሲኮራ አይተን አናውቅም። ያው ዕድሉ ለከርሞ ሊክሰው ስለሚገባ፣ ለከርሞም መሄድ አለበት።

ኔሊዳ እነዚያን በጋዎች ሁሉ ያሳለፈችው የባሕር ዳር ሸራ ድንኳን ውስጥ ነው። ሁለት ወንበር ይከራያሉ፤ አንዱ ላይ እሷ፣ አንዱ ላይ ቦርሳዋ። የማቴ ሻይዋን ብቻዋን ትጠጣለች። ጎረቤት ድንኳን ያሉት ሴቶች መጀመሪያ ላይ ባልሽ የት ነው ይሏት ነበር፤ በኋላ ባል የሞተባት መስሏቸው ተዉት፤ እሷም አላረመቻቸውም። ያንገበገባት ግን ብቸኝነቱ አልነበረም። ልጇ ማሪሳ ያገባችው ኔውኬን፣ ከአገር ጫፍ ነው። አይለን የምትባል ትንሽ ልጅ ወልዳለች፤ ኔሊዳ ያቺን ልጅ ታቅፋ አታውቅም። ሱቁ የሚዘጋው በጃንዋሪ ብቻ ነው፤ ጃንዋሪ ደግሞ የቁማር ቤቱ ነው። ልጅቷ በስልክ «አያቴ፣ አንቺ ስልኩ ውስጥ ነው የምትኖሪው?» ብላ የጠየቀቻት ቀን ኔሊዳ ጓዳ ገብታ አልቅሳለች። ካለቀሰች በኋላ ተናደደች። ንዴቱ አልለቀቃትም።

ስለዚህ በገና ማዕድ ላይ፣ ኤድጋርዶ አፉን በጥብስ ሞልቶ ሳለ፣ ያዘችው።

«ዘንድሮም ካላሸነፍክ ፖከር በቃ። ለከርሞ ኔውኬን እንሄዳለን። ማል።»

«አንቺ ድንቡሼ፣ ዘንድሮማ ያለጥርጥር—»

«ማል አልኩህ።»

«በእናቴ አፅም» አለ ኤድጋርዶ፣ ጥብሱን ውጦ። «ዘንድሮ ካላሸነፍኩ ኔውኬን።»

ስለዚህ ኔሊዳ ዘንድሮ ማር ዴል ፕላታ የወረደችው ባሏ እንዲሸነፍ እየጸለየች ነው። ኃጢአት መስሎ አልታያትም።

የመጨረሻው ውድድር እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ያን ቀን ከደቡብ ምሥራቅ ያ የተረገመ ነፋስ ተነሳና ባሕሩን አናወጠው፤ ድንኳኖቹ ተጠቀለሉ፤ ሰው ሁሉ ዝናብ ሸሽቶ ጣሪያ ሥር ገባ። ኔሊዳም መሄጃ ብታጣ፣ ባሏ ዓመት ሙሉ የሚያወራለትን አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታ አየችው። ምንጣፉ የነተበ፣ አየሩ የሳንድዊች ሽታ ያለው ክፍል ነው። ወንዶቹ ጥቁር መነጽር አድርገዋል፣ ፀሐይ በሌለበት። እዚህ ነው እንግዲህ፣ አለች በልቧ፣ ለዚህ ነው።

ኤድጋርዶ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ሲያያት ደነገጠ፣ ከዚያ ኮራ። ዙሪያው ባለው ገመድ በኩል መጥታ ከኋላው እንድትቆም ምልክት ሰጣት። ከሰዓቱ ሲገፋ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ተነሱ፤ ባሏና አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀሩ።

ሽማግሌው ዶን ካርሜሎ ይባላል፤ ወደቡ ላይ የዓሣ ጀልባ ያለው ሰው ነው። መነጽሩ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ዓይኑ ላይ አያደርገውም፤ ዓይኔ ምንም አልጎደለውም የሚል ዓይነት ነው። ወሬማ ሞልቶታል። ካርታ በመጣለት ቁጥር አንድ ነገር ሳይናገር አያልፍም።

«ዶን ኤድጋርዶ፣ ዓሣው ሳይያዝ ድስት አይጣድም።»

«ጨዋታህን ተጫወት» አለ ኤድጋርዶ።

«እየተጫወትኩ ነው እኮ። አፍና እጅ አብረው ካልሠሩ ጨዋታ ነው እንዴ? ይሄን እንደ መቃብር ዝም ማለት ማን ነው ያመጣው?»

ካርታ አዳይዋ ልጅ ፈገግ አለች። በዕረፍቱ ኤድጋርዶ ወደ ኔሊዳ ጠጋ ብሎ «አየሽው ይሄን?» አለ። «ትሩኮ ነው የሚጫወተው። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መቀመጥ ራሱ ውርደት ነው። አሁን እዪ፣ በአንድ ዙር እጨርሰዋለሁ።»

ኔሊዳ ግን የሽማግሌውን አፍ ወዳዋለች።

ከዕረፍቱ በኋላ ያ ወሳኝ ዙር መጣ። ኤድጋርዶ ሁለቱን ካርታዎቹን ከፍ አድርጎ ሲያይ ኔሊዳም ከትከሻው በላይ አየች፤ ሁለት ሰባት። ለሁለቱም የሚያገለግሉት ካርታዎች ጠረጴዛው መሐል አንድ በአንድ ተገለጡ። ሰባት ወጣ፤ ቀጥሎ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ንግሥት፣ መጨረሻ ላይ ሁለት። ኔሊዳ ፖከር ተምራ አታውቅም፤ ግን የዚህን ሰው ወሬ ስትሰማ ኖራ ሦስት ሰባት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋትም። እንዲሸነፍ እየጸለየች የመጣች ሴት፣ ሦስተኛው ሰባት ሲወጣ «የሉኻኗ ድንግል ማርያም፣ አንድ ጊዜ ብቻ» ስትል ራሷን ያዘችው። ተናደደች በራሷ። ኔውኬንስ? አይለንስ? ግን አብራው የኖረችው ሰው ነው፤ ጀርባው ከፊቷ ነው፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። አንድ ጊዜ ብቻ ያሸንፍና ይገላገል፣ እኔም ልገላገል፣ አለች።

ዶን ካርሜሎ ፊሹን በሁለት እጁ ሰብስቦ ገፋው። ብዙ ነበር፤ ኤድጋርዶ እኩል ካስገባ የሚቀረው ጥቂት ፍርፋሪ ነው። ኤድጋርዶ አሰበ። ማሰቡን ሁሉም እንዲያይለት ሆኖ አሰበ፤ አገጩን ያዘ፣ ጣሪያውን አየ፣ ተነፈሰ። ከዚያ ፊሹን አስገባ።

«እስቲ» አለ።

ዶን ካርሜሎ ካርታዎቹን ሳይገልጥ ዓይኑ ሥር አስጠግቶ እንደገና አያቸው። «ተከታታይ» አለ። «ከስምንት እስከ ንግሥት፣ አምስቱም በመስመር።»

አምስት ተከታታይ ካርታ ሦስት ሰባትን ይበልጣል። ኤድጋርዶ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ያን ክበባችን ውስጥ የምናውቀውን የተዘረፈ ሰው ፊት አወጣ። «ያንተ ነው» አለና ሁለቱን ካርታዎቹን እንደተደፉ፣ በንቀት፣ ወደ ተጣሉት ካርታዎች ወረወራቸው። አዳይዋ ሥራዋ ነውና ሰብስባ ከሌሎቹ ጋር ቀላቀለቻቸው።

አይ ኤድጋርዶ። ይህን ያደረገው ፖከር አይደለም፤ የብሎን ሣጥኑ ላይ የተማረው ትሩኮ ነው። ትሩኮ ላይ ሰው ነጥቡን በአፉ ይናገራል፤ ያነሰው ሰው «ያንተ ነው» ይላል፣ ካርታውን ሳያሳይ ይጥላል፣ ማፈሩም ይቀርለታል። ተናጋሪው መጨረሻ ላይ ያለውን ማሳየት አለበት፤ ዋሽቶ ከተገኘ ነጥቡን ያጣል። ስለዚህ የሰው ቃል ይታመናል። ፖከር ላይ ግን አፍ ምንም አይደለም፤ የሚናገረው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ካርታ ነው፤ የተጣለ ካርታ ደግሞ ሞቷል። ይህን ኤድጋርዶ አጥቶት አይደለም፤ ለእኛ ስንት ጊዜ አስተምሮናል። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይሉት ይህ ነው። ብሎን ሁለቴ የሚያስቆጥር ሰው፣ ለአንድ ዓሣ አጥማጅ ቃል ሙሉ ውድድር ጣለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ዶን ካርሜሎ እሱም የትሩኮ ሰው ነውና፣ ቃሉን ሊያስከብር ካርታዎቹን ገልጦ አስቀመጠ። ማንም አላስገደደውም። አንዱ በአሥርና በንግሥት መሐል የሚገባው ጃክ ነው። ሌላው ሦስት ነው።

«ሦስት ነው፣ ዶን ካርሜሎ» አለች አዳይዋ ቀስ ብላ። «ስምንት አይደለም።»

ሽማግሌው ኪሱን ዳበሰ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ጎንበስ አለ። «አምላኬ» አለ፤ «ሦስት ነው እኮ። ስምንት ነበር ያየሁት። በልጆቼ እምላለሁ ስምንት ነበር።» የውድድሩ ኃላፊ ተጠርቶ መጣ፤ አየ፤ ራሱን ነቀነቀ። የተጣለ ካርታ አይነሳም፤ ፊሹ የዶን ካርሜሎ ነው። ሽማግሌው ግን ፊሹን አልነካውም። ፊቱ ቀልቶ ወደ ኤድጋርዶ ዞረ።

«ዶን ኤድጋርዶ፣ እውነቱን ንገረኝ። ምን ነበረህ? በአፌ አታለልኩህ፤ ሳላውቅ ነው፤ ግን አታለልኩህ። የሚበልጥ ነገር ይዘህ ከነበረ ሽልማቱን እኩል እንካፈላለን፣ ስማችንም አብሮ ይጻፋል። እዚህ ሰው ሁሉ ይስማኝ።»

ኔሊዳ የባሏን ጆሮ አየች። ጆሮው ከላይ ጀምሮ እየቀላ ወረደ። በል፣ አለች በልቧ፤ ሦስት ሰባት በል፤ ሁለት ቃል ነው።

«ምንም» አለ ኤድጋርዶ። «ባዶ ነበርኩ። ልፈትንህ ብዬ ነው የገባሁት።»

ካርታውን ራሱ የጣለ ጅል ከሚባል ባዶ ነበረ ይባል። ያን ጊዜ ኔሊዳ ውስጥ የቀረው ርኅራኄ ሁሉ ወጥቶ ሄደ። በሚቀጥለው ዙር ፍርፋሪዋ አለቀች፤ ኤድጋርዶ ተነስቶ የሽማግሌውን እጅ ጨበጠ፤ ሰው አጨበጨበለት፤ እሱም እንደ ጨዋ ተሸናፊ ጎንበስ አለላቸው። ወደ ክፍላቸው ሲወጡ ሊፍቱ ውስጥ አንድ ቃል አልተነጋገሩም።

በማግሥቱ አውቶቡስ ውስጥ ግን አፉ ተፈታ። ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠው ኢሪባርኔ ነበር፤ የታንዲል ዳቦ ቤት ባለቤት፤ የክበባችን አባል፤ ለእሱ የተነገረ ነገር ከዳቦው ቀድሞ ቤት ለቤት ይደርሳል። እሱም ባሕር ከርሞ መመለሱ ነው፤ አፍንጫው ተልጧል።

«እህስ ዶን ኤድጋርዶ፣ ዘንድሮስ ማን ዘረፈህ?» አለው።

«ትስቃለህ» አለ ኤድጋርዶ። «የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች ሆነን ቀረን። አንድ ዓሣ አጥማጅ። እኔ ሦስት ሰባት ይዣለሁ። እሱ ባዶ ነው፤ ባዶ ስልህ ባዶ። ከዚያ በመጨረሻዋ ካርታ ምን ቢመጣለት ጥሩ ነው? ስምንት። ከስምንት እስከ ንግሥት ሠራ። ይሄ ሽንፈት ነው? ዕድል ነው የበላኝ። ለከርሞ ጃንዋሪ ያንን ሽማግሌ ፈልጌ—»

«ኔውኬንስ?» አለች ኔሊዳ።

«ምን ኔውኬን?»

«በእናትህ አፅም ምለሃል። ካላሸነፍኩ ብለሃል።»

«ድንቡሼ» አለ፣ ለኢሪባርኔ ጠቀስ እያደረገ፣ «ካላሸነፍኩ ያልኩት ከተሸነፍኩ ለማለት ነው። ይሄ ዝርፊያ ነው። ዝርፊያ አይቆጠርም። ዕድል ዕዳ አለባት፤ ዕዳዋን ሳትከፍል እኔ ወዴት ነው የምሄደው?»

ኢሪባርኔ ሳቀ። ኔሊዳ አልሳቀችም። በእነዚያ በጋዎች ሁሉ ሰው ፊት ባሏን አዋርዳ አታውቅም፤ ለእሱ ስትል ሳይሆን ለራሷ ስትል ነበር። አሁን ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ተናገረች።

«ስምንት አልመጣም፣ ኢሪባርኔ። ከኋላው ቆሜ ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስት ሰባት ነበረው፣ እውነት ነው። ሽማግሌው ዓይኑ አያይም፤ ሦስቱን ስምንት ብሎ ተናገረ። ይሄ ሰውዬ ካርታውን እንኳ አሳየኝ ሳይል ‹ያንተ ነው› ብሎ ጣለ። ሽማግሌው እንካፈል ሲለው ደግሞ ባዶ ነበርኩ አለ። ያሸነፈው ይሄው ባሌ ነበር። ማንም አልዘረፈውም።»

እስከ ነገ ጠዋት ከተማው ሁሉ እንደሚሰማው ሦስቱም ያውቃሉ።

«ጨዋታውን አታውቂውም» አለ ኤድጋርዶ። ድምፁ ግን ውሃ ሆኗል።

ኔሊዳ ልትተወው ነበር። ያሰበችውን ተናግራለች፣ በቅቷታል። ከዚያ ግን አንድ ነገር መጣባትና ወደ ባሏ ሙሉ በሙሉ ዞረች። ልታፌዝበት አልነበረም፤ ጥያቄው ራሷንም አስደነገጣት።

«ኤድጋርዶ፣ የሌሎቹንስ? አምና ያ የኮርዶባው ጠበቃ፣ በመጨረሻዋ ካርታ በላኝ ያልከው። ካቻምና ያቺ ዕንቁ ያንጠለጠለችው ሴትዮ። እነዚያ ሁሉ። ካርታቸውን አይተኸዋል?»

ኤድጋርዶ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከመስኮቱ ውጭ የሱፍ አበባ ማሳ እያለፈ ነበር፤ እሱን ማየት ጀመረ። ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ያለፉትን ጨዋታዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየቆጠረ እንደሆነ ገባት።

«ነገሩኝ እኮ» አለ በመጨረሻ። «በአፋቸው ነገሩኝ።»

ኢሪባርኔ ፊቱን ወደ ራሱ መስኮት አዞረ። እሱ እንኳ አልሳቀም። ኔሊዳ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ደስታ የሚመጣ መስሏት ጠበቀችው፤ አልመጣም።

«ለከርሞ ኔውኬን እንሄዳለን» አለችው።

«እሺ።» ቆየና ሳያያት «ስንቱ ጨዋታ የእኔ ይሆን ነበር፣ ኔሊ?» አለ።

«እኔ ምን አውቄ» አለች። «እነሱም አያውቁም፤ ያንተን ካርታ አላዩም።»